ደህናነቱ የታወቀ ደም

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለመርማሪዋ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በጠገበ ሆድና በሞቀ ካልሲ ያግኝሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አክስትሽም ደህና ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና "ምን ብለህ ነው የምትጽፍላት?" እያለች ትጮህብኛለች። አንቺን እያማሁ ነው ብያታለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን መነጽሬን አድርጌ ነው፤ ያው ሆነ። ድሮ የምትጠይቂኝ ስለ ሰፈሩ ወሬ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ አክስትሽ ወገብ ነበር። አሁን ግን፣ "አባዬ ከአውቶቡስ በወረደ ዕለት እግሩ አብጦ ነበር? የትኛው እግሩ? አያቴስ በምን ሞቱ? አንተስ ብዙ ስትቀመጥ ባትህን ያምሃል?" ይሄ የዘመድ ደብዳቤ ነው ወይስ የፖሊስ ጣቢያ?

እሺ፣ እንደ ተከሳሽ በአጭሩ ልመልስ። አባትሽ ያን ረጅም መንገድ ተጉዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያነክስ ነበር። የቱ እግሩ እንደሆነ አላስታውስም። "እግሬ ተኝቷል" አለን፤ ሳቅንበት። በማግስቱ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ልብ ነው አሉን፤ ቀበርነው። አንቺ ያኔ አጠገቤ ቆመሽ ነበር፤ አንድ ቃል አልጠየቅሽም። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይተሽ አሁን ምን አስታወሰሽ?

አያትሽም ገና ጎልማሳ ሳለ በድንገት ነው የሄደው። የኔ ባት ደህና ነው። የግራው ካልሲ ብቻ ጠበበኝ፤ ማታ ሳወልቀው እግሬ በገመድ የታሰረ ይመስላል ትላለች አክስትሽ። የካልሲውን ነጋዴ ነው የምከሰው።

ዘንድሮም አልመጣም ብለሻል። አምና ሥራ፣ ካቻምና ሥራ። አውሮፕላን ፈራሽ እንዴ ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ተውኩት።

ስልክ ልደውል ላልሽው፣ ስልክ እጠግናለሁ እንጂ አላወራበትም። በስልክ የተነገረ ውሸት ሽው ብሎ ያልፋል። ወረቀት ላይ ያለውን ግን ተመልሼ አየዋለሁ።

አጎትሽ፣ የራዲዮ ሐኪሙ


ጥቅምት 27

ለምወድህ ጋሼ፣

ከእግርህ ጀምሮ እስከ ራስህ ሰላም ይብዛልህ። እግርህን ያስቀደምኩት አውቄ ነው። እትዬን ሳሚልኝ፤ ማለቴ ሳምልኝ፤ ስለ አንተ ሳስብ እጄ ይፈጥናል።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ልንገርህ። ክፍላችን ጠባብ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም፤ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ጠረጴዛው ላይ የጣት ስፋት ያላት መስታወት አለች፤ በውስጧ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ አለ። በዚያ ቦይ ደም እንለቅና የት ላይ፣ መቼ እንደሚረጋ በማጉያ እናያለን። ከዚያ አዲስ የተቀመመ መድኃኒት ጨምረን እንደገና እናያለን። አብዛኛው መድኃኒት አይረባም። ያልረባውን ጥለን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን፤ ሥራችን ይኸው ነው።

ደም እንደ መኪና ነው፤ ነዳጅም ፍሬንም አለው። ስንቆረጥ ቶሎ እንዲረጋ የሚገፋው አለ፤ ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚይዘው አለ። በአንዳንድ ቤተሰብ ፍሬኑ ላላ ያለ ይሆናል፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል። ከጎናችን ያለው ክፍል ደግሞ የላላውን ፍሬን ለማጥበቅ የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው። ለጉበት የሚሆን ትእዛዝ ይጽፉና በጥቃቅን የስብ ጠብታ ጠቅልለው በደም ውስጥ ይልኩታል። ጉበት ትእዛዙን አንብቦ የጎደለውን ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል። ገና አይጥ ላይ ናቸው።

በየጠዋቱ፣ ምንም ሳንጀምር፣ መጀመሪያ የምንፈትነው የራሳችንን ደም ነው። ተራ የደረሰው ሠራተኛ ክንዱን ይሰጣል። ደህናነቱ የታወቀ ደም ስለሆነ መሣሪያው በትክክል መሥራቱን የምናውቀው በእሱ ነው። አንድ ቀን ግን ያ ደህናነቱ የታወቀው ደም ከጊዜው በፊት ረጋ። አለቃችን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሁሉንም አሳጠበን። ታጥቦም ያው ሆነ። ለማንኛውም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ከዚህ ጋር አራት ክብ ያለው ወፍራም ካርድ አለ። ጣትህን ወጋ አድርገህ እያንዳንዱን ክብ በጠብታ ሙላው፣ ሲደርቅ በላስቲኩ አሽገህ ላክልኝ። መውጊያዋም አብራ አለች። ለጥናት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ካርዱ ላይ ካንተ በቀር የማንም ደም እንዳይነካ።

የወንድምህ ልጅ


ኅዳር 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽን ከላይ ያለው ይጠብቅልሽ፤ እኔ ከታች ያለሁት የራሴንም መጠበቅ አቅቶኛል፤ ቢሆንም ደህና ነኝ።

ካርድሽ ደርሶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሆዱ በተከፈተ ራዲዮ አጠገብ ብዙ ቀን ተቀመጠ። አየዋለሁ፣ ያየኛል። "ለጥናት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።" ሌላ ምንም የሌለው ነገር ሌላ ምንም አይደለም ይባላል? እኔ ደንበኛዬ "ምንም አልነካሁትም" ካለኝ መጀመሪያ የማየው የነካውን ቦታ ነው።

ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ታስታውሺዋለሽ፤ ምላጩ የምንለውን። ካርዱን አገላብጦ አየና፣ "ወንድሜ፣ ደምህን ሊሸጡት ነው" አለኝ።

"ማን ይገዛዋል?" አልኩት።

"መድኃኒት ቀማሚ ነዋ! ቀምመው መልሰው ላንተው ይሸጡልሃል።"

"ታዲያ የኔ ደም ምን ያወጣል?"

"ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ብዙ አያወጣም።"

እሱ ግን ገዢ ካለ ሁለት ባልዲ አለኝ ብሏል። ስልክ ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ በገዛ እጁ ጽፎልሻል፤ ይቅርታ አድርጊለት።

ለጉበት ደብዳቤ እንልካለን ያልሽው በጣም አስቆኛል። አንቺ ለእኔ መልስ ለመጻፍ ወር ይፈጅብሻል፤ ጉበት በስንት ጊዜው ይመልሳል?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከማላውቀው ሻጭ የራዲዮ ዕቃ ስገዛ ኪሴ ውስጥ አንድ የተቃጠለ ዕቃ ይዤ ነው የምሄደው። "እስቲ ይቺን ፈትንልኝ" እለዋለሁ። "ደህና ናት" ካለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እወጣለሁ። የሚፈትነውን ሰው ሳልፈትን ገንዘቤን አልሰጥም።

ካርዱ ተሞልቶ ተልኳል። አክስትሽ ረድታኛለች።

ሌላ ወሬ፣ አንድ የራዲዮ ጣቢያ አሮጌ ማሰራጫውን አፍርሶ ሊጥል ነው አሉ። አገር ዳር ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል። ጥር 13 እነሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሀብት ሲጣል ዝም ብዬ አላይም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18

ጋሼ፣ የኔ ጋሼ!

ሰላምታዬ ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አይደለም፤ እየዘለለ ነው የሚመጣልህ። ካርድህ ተመረመረ። የፈለግነው ነገር የለብህም! ውጤቱን ሲነግሩኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ አመጣችልኝ።

ሂድ፤ የፈለግከውን አውቶቡስ ተሳፈር። ማሰራጫውንም ጣቢያውንም ጠቅልለህ አምጣ። እኔማ ጥቅምት ላይ ያን የካልሲ ነገር ከጻፍክልኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን በእርግጥም የካልሲው ነጋዴ ነው ጥፋተኛው።

ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የወንድምህ ልጅ


ጥር 9

ለመርማሪዋ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን፤ ለመሣሪያሽ ግን አልመኝለትም።

ያዝኩሽ! ካርዱ ላይ ያለው ደም የእኔ አይደለም። የአክስትሽ ነው። ጣቷ መርፌ የለመደ ነው፤ አራቱንም ክብ ሞልታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እኔ መርፌ ፈርቼ አይደለም። (ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች ትስቃለች። ዕድሜዬን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲነዝረኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌ እፈራለሁ?) የተቃጠለውን ዕቃ መስጠቴ ነበር። በእርግጥ ብትመረምሪው ኖሮ "ጋሼ፣ ይሄ ያንተ አይደለም" ትይኝ ነበር። አንቺ ግን "ደህና ነህ" አልሽኝ። እኔ እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሻጭ ተሰናብቼ ነው የምወጣው።

ግን አንድ ነገር አልወጣልኝ አለ። የምታጭበረብሪኝ ከሆነ ለምን አለቀስሽ? ለጥናት ብቻ ከሆነስ ኮሪደር ላይ ምን አስቀመጠሽ? "የፈለግነው ነገር የለብህም" አልሽ። ሰው የሚፈልገው ነገር ምን እንደሚመስል ካላወቀ እንዴት ይፈልገዋል? ከዚህ በፊት የት አየሽው?

ስመለስ እንነጋገራለን። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ ቦታዬ በመስኮቱ በኩል ነው። እግሬም አንዴ ከተቀመጥኩ ያርፍልኛል፤ ሰሞኑን ቆሜ ስሠራ ከበደኝ።

አጎትሽ


ጥር 13

ጋሼ፣

ሰላምታ የለኝም። ዛሬ ጠዋት የምርመራ ክፍሉ ባልደረባዬ ሌላ ሥራ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ "ለመሆኑ ካርዱ ላይ አጎት ብለሽ የጻፍሽው በስህተት ነው?" አለኝ።

"ለምን?"

"ደሙ የሴት ነው።"

የእትዬ ነው አይደል? አወቅኩ። ዛሬ ደግሞ ጥር 13 ነው።

ሱቅህ ደወልኩ፤ አይነሳም። እትዬ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው፤ መቼም ፈታተኸው ይሆናል። ከዚያ ያ ወረቀት ጀርባ ያለው ቁጥር ትዝ አለኝ።

ምላጩ አነሳው። "ደም ገዢዋ ነሽ?" አለኝ።

"አጎቴ የት ነው?"

"አሁን ሻንጣውን ይዞ አለፈ። ምነው?"

"አስቁመው! አውቶቡሱ ላይ እንዳይወጣ!"

"የኔ እህት፣ ደንበኛ ይዣለሁ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው።"

"አባቴ ከአውቶቡስ ወርዶ ነው የሞተው!"

ስልኩን ሳይዘጋው ሄደ። በሩ ሲላተም ይሰማኛል፤ አንድ ሰውዬ "ኧረ ወዴት ነው! ኧረ ምላጩን ይዘህ ወዴት ነው!" እያለ ይጮሃል። እስካሁን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ነኝ፤ በሌላው እጄ ይህን እጽፋለሁ። አንተ ካልተመለስክ ይህን ደብዳቤ ማን ያነበዋል?


ጥር 22

ለወንድሜ ልጅ፣

በሕይወት ካለ ሰው የተላከ ሰላምታ ይድረስሽ። መትረፌን ምላጩ ደውሎ ነግሮሻል፤ እንዴት እንደሆነ ግን እኔ ልንገርሽ፤ እሱ ሲያወራው ሦስት አውቶቡስ በእጁ አቁሟል።

ቦታዬን ይዤ ሻንጣዬን ከላይ እየሰቀልኩ ሳለ አንድ ነጭ ሽርጥ የለበሰ ሰው ምላጭ ጨብጦ ወደ አውቶቡሱ ሲሮጥ አየሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ። ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ምላጩ እግሩን አስገባና፣ "ያን ሽማግሌ አውርዱልኝ! ቤተሰቡ ይፈልገዋል!" አለ። ሰው ምን እንዳሰበ አንቺው ገምቺ። አንዲት ሴት "ውረድላቸው አባቴ፣ ሌላውን ሰው እንዳያስፈጁን" አለችኝ። ወረድኩ። ከኋላው ደግሞ ያ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ሰውዬ ደረሰ፤ "ጨርስልኝ እንጂ!" እያለ። እዚያው መናኸሪያው ላይ ጨረሰለት።

አክስትሽ ቤት አላስገባችኝም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ የግራ ባቴን ጫን ስታደርገው የጮህኩትን መናኸሪያ ድረስ የሰሙ አሉ። በመሣሪያ አየችው። ደም ረግቷል አለች። "አሁን ተሳፍረህ ቢሆን" ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺልኝ አላልኳትም። በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ ታዞልኛል፤ የምትወጋኝ አክስትሽ ናት። የሰው ልብስ መስፋቱን ትታ እኔን ትሰፋኛለች።

ሐኪሟ "ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ?" ስትለኝ ወንድሜን ነገርኳት፤ አባቴን ነገርኳት። "በሕይወት ካሉትስ?" አለችኝ። ደብዳቤዎችሽ ትዝ አሉኝ።

ቤት ስገባ ደብዳቤዎችሽን ደረደርኩ፤ እንደ ተበላሸ ራዲዮ አንዷን ሽቦ ከጫፏ ይዤ ተከተልኳት። ደህናነቱ የታወቀው ደም አንድ ቀን ከጊዜው በፊት ረጋ ብለሽኛል። መሣሪያው ታጥቦም ያው ሆነ ብለሽኛል። ከዚያ "ለማንኛውም" ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የሚደበቅ ነገር ሲኖርሽ "ለማንኛውም" የምትይ ልጅ ነሽ፤ ብርጭቆ ሰብረሽ እንኳ "ለማንኛውም ውሃው አልቆ ነበር" ብለሽኛል። ያን የምትፈልጊውን ነገር መልኩን ታውቂው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አልወጣሽም።

በስልክ ልጠይቅሽ አንስቼው ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን በወረቀት ነው የምፈልገው።

መሣሪያው ታጠበ በተባለበት ቀን ክንድ የመስጠት ተራው የማን ነበር?

አጎትሽ


የካቲት 14

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለእትዬም፣ ለምላጩም፣ ለዚያ ፊቱ ግማሽ ለተላጨው ሰውዬም።

ተራው የእኔ ነበር።

አለቃዬ መሣሪያው ነው ሲል እኔም አመንኩት፤ ማመን ፈልጌ ነበር። በሌላ ቀን የባልደረባዬን ደም ለቀቅን፤ እንደሚገባው ሄደ። የእኔን ብቻዬን ሆኜ መልሼ ለቀቅኩ፤ ቦዩ መሃል ላይ ተጋግሮ ቆመ። በማጉያው ያየሁት የራሴን ደም ነው፣ ጋሼ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ፍሬኑ የላላ ነው አሉኝ። ከእማዬ በኩል አይደለም፤ መስከረም ላይ ተመርምራ ታወቀ። ስለዚህ ከአባዬ ነው፤ ከአባዬ ወገን ደግሞ በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። አንተ ሰው ሲፈራ ካየህ ትቀልዳለህ። በዚህ እንዳትቀልድብኝ ፈራሁ። ባትቀልድስ? እሱ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል።

መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አዲስ ቅመም አይደለም፤ አዲሶቹን ከእሱ ጋር የምናወዳድርበት የቆየ ክኒን ነው። የጎን ክፍሉ ሰዎች ለጉበት የሚልኩት ትእዛዝ ሰው ላይ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ክንድ የመስጠት ተራዬ ሲደርስ ሰበብ እፈጥራለሁ፤ ባልደረቦቼ ሰነፍ ያደርጉኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱን እየወሰድሽ፣ እየተነሳሽ እየሄድሽ መብረር ትችያለሽ ብሎኛል። እኔ ግን ትኬት ልቆርጥ በተነሳሁ ቁጥር አባዬ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን እየጎተተ ሲወርድ ይታየኛል። እንደዚያ ሆኜ አንተ ፊት መውረድ አልፈልግም።

የወንድምህ ልጅ


መጋቢት 7

ለወንድሜ ልጅ፣

ደምሽም ደሜም በየቦዩ በሰላም ይሂድ። ከዛሬ ጀምሮ የኔ ሰላምታ ይሄ ነው።

አልቀለድኩም። አንድ ሙሉ ቀን አልቀለድኩም፤ አክስትሽ ትኩሳት ያዘው ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። በማግስቱ ምላጩ መጥቶ፣ "እንግዲህ ሁለታችሁም ፍሬን የሌላችሁ መኪኖች ናችሁ" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ስለዚህ በቀልዱ የምትቀየሚው እሱን ነው።

ከዚህ ጋር ያለው ካርድ ላይ ያለው ደም የኔ ነው። አይኔን ጨፍኜ ሰጠሁ። ይህ የደም ማቅጠኛ ጉድ ነው፤ ጠብታው አልቆም ብሎ አራቱን ክብ ሞልቶ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ አንድ የደንበኛ ራዲዮ አበላሸ። አራተኛው ክብ የተንጋደደው አይኔን ስለጨፈንኩ ነው፤ መርፌ ፈርቼ ግን አይደለም። ያ ባልደረባሽ ደሙ የወንድ መሆኑን አረጋግጦ ይንገርሽ፤ እኔም አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ዝናቡ ሳይገባ ትመጫለሽ። ክኒንሽን ትውጫለሽ፤ በመተላለፊያው በኩል ትቀመጫለሽ፤ እየተነሳሽ ትሄጃለሽ፤ አስተናጋጆቹ እስኪሰለቹሽ ድረስ። ስትወርጂ እግርሽን ብትጎትቺም ጎትቺው። ዘንድሮ የሚስቅብሽ የለም፤ ሐኪሟ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥታ እኔ ጋ እንድትቆም ቃል አስገብቻታለሁ።

እኔም ሥራ ይዣለሁ። ከአንድ አሮጌ ሰዓትና ከአንድ የበር ደወል የሠራሁት መቀስቀሻ አለ፤ ወንበሬ ላይ ብዙ ከተቀመጥኩ ይጮሃል። ሲጮህ እነሳለሁ፣ እስከ ምላጩ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ምላጩም አብሮኝ ይነሳል። ያ ግማሽ ተላጭቶ የነበረው ሰውዬ ደንበኝነቱን አልተወም፤ እሱም አረፋውን እንደተቀባ ይነሳል። መንገደኛው ምን ሃይማኖት ነው እያለ ያየናል። አንቺም እዚያ፣ ያ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ፣ በተቀመጥሽ ቁጥር እኔ የተነሳሁ መሆኑን አስቢና ተነሺ።

ሌላም ልጽፍልሽ የነበረ ነገር አለ፤ ስለ አባትሽ፤ "እግሬ ተኝቷል" ሲለን ስለሳቅነው ሳቅ። ግን

ጮኸ። ልነሳ ነው።